ላንቃው ከተሰፋ በኋላ
ለወላጆች የሚሆን ምክር

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን በቀዶ ጥገና ታክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቤተሰቡ ዘንድ ታላቅ ደስታ ይሆናል። ወላጆች ለወራት የተሸከሙት ጭንቀት ከትከሻቸው የወረደ ይመስላቸዋል፤ ዘመድና ጎረቤትም «እንኳን እግዚአብሔር ማረላችሁ» ለማለት ይሰበሰባል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከደስታው ጋር አንድ የተሳሳተ አሳብ አብሮ ይገባል፤ ይኸውም ነገሩ ሁሉ ተፈጽሟል፥ ከእንግዲህ ወዲያ የሚያሳስብ የለም የሚለው ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሐኪሙ መርፌውን ባስቀመጠበት ሰዓት የወላጆች ሥራ ይጀምራል። ከላንቃ ስፌት በኋላ ልዩ ልዩ ችግር ሊነሣ ይችላል፤ አንዱ በሰዓታት፥ ሌላው በሳምንታት፥ ሌላውም ከዓመታት በኋላ ይገለጣል። አብዛኞቹ በጊዜ ከታወቁ የሚታከሙ ናቸው፤ ቸል የተባሉ እንደ ሆነ ግን የልጁን ሕይወት ወይም ንግግሩን ይጎዳሉ። ስለዚህ ለልጁ የሚያስፈልገው የሐኪሙ እጅ ብቻ ሳይሆን የእናቱና የአባቱ ዐይንና ጆሮም ነው።

የላንቃ ሥራ

ችግሮቹን ለመረዳት አስቀድሞ የላንቃን ሥራ ማወቅ ያሻል። የአፋችን ጣሪያ በሁለት ይከፈላል። የፊተኛው ክፍል ዐጥንት ያለበት ጠንካራው ላንቃ ነው። የኋለኛው ክፍል ከጡንቻ የተሠራ ለስላሳው ላንቃ ሲሆን በጫፉ ላይ እንጥል ተንጠልጥላ ትታያለች። ይህ ለስላሳ ላንቃ እንደ መጋረጃ ነው። ስንውጥና ስንናገር ወደ ላይና ወደ ኋላ ተነሥቶ አፍን ከአፍንጫ ይለያል፤ በዚህም ምክንያት ምግብ ወደ አፍንጫ አይሄድም፥ የንግግር ትንፋሽም በአፍ በኩል ይወጣል።

ላንቃ ሕፃኑ በእናቱ ማሕፀን ሳለ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ከግራና ከቀኝ መጥቶ በመካከል ይጋጠማል። መጋጠሙ ሳይፈጸም ሲቀር ስንጥቅ ሆኖ ይቀራል። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ያህል የከንፈር ወይም የላንቃ ወይም የሁለቱንም መሰንጠቅ ይዞ ይወለዳል። ምክንያቱ የዘር ውርስና በእርግዝና ወራት የሚያጋጥሙ ልዩ ልዩ ነገሮች ተደራርበው ነው እንጂ የእናት ጥፋት ወይም የሰው እርግማን አይደለም። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩን እርግማን ነው ብሎ የሚያምን ቤተሰብ ልጁን ከሰው ዐይን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገ ልጅ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለምርመራ ሳይመለስ ይቀራል።

ጎልማሳ እንጂ ሕፃን የማይታከምበት ዘመን

ይህ ሕክምና ከሁለት መቶ ዓመት የበለጠ ታሪክ አለው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1816 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፌ የተባለው ቀዳጅ ሐኪም የተሰነጠቀ ለስላሳ ላንቃ ሰፋ። በ1819 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ ፊሊቤር ሩ የተባለው ሐኪም ጆን ስቴቨንሰን ለተባለ የካናዳ ተወላጅ ይህንኑ አደረገለት። ስቴቨንሰን ራሱ የሕክምና ተማሪ ነበረና በ1820 ዓ.ም. በኤዲንበርግ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለዚሁ ሕክምና ጻፈ፤ ኋላም በሞንትሪያል የሕክምና ትምህርት ቤት ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ።

በዚያን ዘመን ማደንዘዣ ገና አልታወቀም ነበር፤ በኤተር ማደንዘዝ በሰፊው የታወቀው ከ1846 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ ሥቃዩን ችሎ፥ አፉን ከፍቶ፥ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ጎልማሳ ካልሆነ በቀር ማንንም ለመስፋት አይቻልም ነበር። ዛሬ ግን ሕፃኑ ተኝቶ ሳያውቀው ይታከማል፤ ንግግር ከመጀመሩም በፊት ላንቃው ይጋጠምለታል። ይህ ታላቅ ዕድል ነው። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። ስቴቨንሰን የሚሰማውን ሁሉ በጽሑፍ ሊገልጥ ይችል ነበር፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ግን ጕሮሮው ሲጠብበት ወይም ደሙን ሲውጥ «እንዲህ ሆንሁ» ብሎ ሊናገር አይችልም። ስለ እርሱ የሚናገርለት የሚጠብቀው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት

በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ትንፋሽና ደም ናቸው።

ሐኪሙ ሲሠራ የልጁን አፍ በመሣሪያ ከፍቶ ምላሱን ወደ ታች ይጫናል። ከዚህ የተነሣ ምላሱ አብጦ የትንፋሹን መንገድ ሊያጠብበው ይችላል። አስቀድሞ ክፍት የነበረው ላንቃ አሁን ስለ ተዘጋ ልጁ በአዲስ መንገድ መተንፈስን መልመድ ይኖርበታል። ከተፈጥሮው የታችኛው መንጋጋው ትንሽና ወደ ኋላ የሸሸ ልጅ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ልጁ ሲተነፍስ የሚያንኰራፋ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ቢሰማ፥ የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ቢሳብ፥ ከንፈሩ ቢጠቍር፥ እናት ሳትቈይ ነርሷን ትጥራ። «ሌሊት ነው፥ ማስቸገር ይሆናል» ማለት አይገባም። ሕፃኑ በሐኪም ቤት እንዲያድር የሚደረገውም ስለዚሁ ነው።

ደምን በተመለከተ፥ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ምራቁ ቀላ ያለ ቢሆን የሚጠበቅ ነው። የሚያስፈራው ደማቅ ደም ሳያቋርጥ ሲፈስስ ወይም ልጁ ደም ሲያስመልስ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ደሙ በውጭ አይታይም፤ ልጁ ይውጠዋል። ስለዚህ ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ፥ ፊቱ የሚገረጣና የሚፈዝዝ ሕፃን ቢኖር አፉ ንጹሕ ቢመስልም ለሐኪም ይነገር። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ደም ሊመጣ ስለሚችል ያን ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ለሕመሙ ማስታገሻ በሐኪሙ ትእዛዝ እንደ ክብደቱ ተለክቶ ይሰጠዋል። አስፕሪን ግን ለሕፃን አይሰጥም፤ ደምን ያቀጥናል፥ ሌላም ከባድ ጉዳት በልጆች ላይ ሊያመጣ ይችላል።

ሦስቱ ሳምንታት

ስፌቱ እስኪጠነክር ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ክሩ በራሱ ጊዜ የሚሟሟ ስለ ሆነ የሚያወጣው ሰው አያስፈልግም። በዚህ ወራት የቤቱ ሁሉ ተግባር ስፌቱ እንዳይነካ፥ እንዳይቈሽሽ፥ ልጁም እንዳይራብ መጠበቅ ነው።

ምግቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈሳሽ ይሁን፤ ወተት፣ የቀጠነ አጥሚት፣ የተጠለለ ሾርባ ለብ ብሎ በኩባያ ይሰጠው። ቀጥሎ ሐኪሙ ሲፈቅድ ለስላሳ ገንፎ፣ እርጎና በሚገባ የተፈጨ ድንች ይከተላል። ትኩስ ነገርና በርበሬ ያለበት ወጥ ይቅር። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራና ዐጥንት በእጁ እንዳይገቡ ታላላቅ ወንድሞቹና እኅቶቹ ይነገራቸው፤ ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣው በእነርሱ ልግስና ነውና። ማንኪያ ወደ ውስጥ ጠልቆ አይግባ። ስለ ጡትና ስለ ጡጦ የሐኪሞች ልማድ የተለያየ ስለ ሆነ እናት ከመውጣቷ በፊት የራሷን ሐኪም ትጠይቅ። ወቅቱ የጾም ወቅት ቢሆን እንኳ ጾም በሕፃን ላይ አልተጣለምና ወተቱ አይከልከልበት።

ከበላ በኋላ ሁልጊዜ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ፤ ይህ ስፌቱን ያጥበዋል። በስፌቱ ላይ ማር፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ አይቀባ። ጣቱንና መጫወቻውን ወደ አፉ እንዳያገባ ይጠበቅ፤ በአንዳንድ ሐኪም ቤት ክንዱ እንዳይታጠፍ የሚያደርግ መደገፊያ ይታሰርለታል፥ በሌላው ደግሞ አይታሰርም።

ወደ ሐኪም ቤት ለመመለስ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ሲሆን፥ ከአፉ መጥፎ ሽታ ሲወጣ፥ መጠጣትን እንቢ ሲል፥ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሽንት ሳይሸና ሲቀር፥ ወይም ስፌቱ ሲከፈት ሲታይ።

የሚቀረው ቀዳዳ

አንዳንድ ጊዜ ቍስሉ ሲድን በአንድ ስፍራ ሳይገጥም ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። ሐኪሞች ይህን ፊስቱላ ይሉታል። የብዙ አገሮች ጥናቶች በአንድነት ሲቈጠሩ ከ100 ሕፃናት ከ5 እስከ 9 በሚያህሉት ላይ ይታያል፤ ስንጥቁ ሰፊ በሆነ መጠንም ይበዛል። የሚመጣውም ስፌቱ ሲወጠር፥ ቍስሉ ሲመረዝ ወይም ልጁ በምግብ እጦት ደክሞ ሥጋው ለመዳን ኃይል ሲያጣ ነው። የደም ማነስ ወይም ጉንፋን ያለበት ሕፃን «ሰንብቶ ይምጣ» ተብሎ ቀጠሮው ሲተላለፍ ወላጆች ሊያዝኑ አይገባም፤ መዘግየቱ ስፌቱን ለመጠበቅ ነውና።

ቀዳዳው መኖሩ የሚታወቀው ቍስሉ ከዳነ በኋላ ወተት ወይም ምግብ በአፍንጫው ብቅ ሲል ነው። ትንሹ ቀዳዳ አንዳንድ ጊዜ ምንም ጉዳት አያመጣም። የሚያስቸግረው ግን በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይደፈናል። ሐኪሙ «ጥቂት ወራት እንቈይ» ቢል የጠባሳው ሥጋ እስኪለሰልስ መጠበቁ ነው እንጂ ቸልታ አይደለም።

ከበደ «አመነ» ሲሆን

ላንቃ የሚሰፋበት ዋናው ምክንያት ንግግር ነው። ስፌቱ በሚገባ ድኖ፥ ቀዳዳም ሳይኖር፥ መጋረጃው ግን አጥሮ ወይም ጡንቻው ደክሞ የአፍንጫውን በር በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ትንፋሹ በአፍንጫ ያመልጣል።

ፊደላችንን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። «መ» እና «ነ» በአፍንጫ የሚነገሩ ድምፆች ናቸው። «በ» እና «ደ» ግን ትንፋሽ በአፍ ውስጥ ታፍኖ ካልተለቀቀ አይነገሩም። መጋረጃው ክፍት ሲሆን «በ» ወደ «መ»፥ «ደ» ወደ «ነ» ያደላል፤ ልጁ «ዳቦ» ሲል «ናሞ» የሚል ይመስላል። ከዚህም ሌላ ልጁ በአፉ ማፈን ሲያቅተው በጕሮሮው ማፈንን ይለምዳል፤ «ከ» የነበረው «አ» ይሆናል። እንግዲህ ስሙ ከበደ የሆነ ልጅ ስሙን ሲጠየቅ «አመነ» ያለ ቢመስል አእምሮው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። መምህራን ይህን ልብ እንዲሉት እንለምናለን፤ ልጁ ፊደሉን በዐይኑ ለይቶ እያወቀ በድምፁ ምክንያት እንዳላወቀ ተቈጥሮ ከኋላ ወንበር ሊቀር ይችላልና።

በቤት ሊደረግ የሚችል ቀላል መመልከቻ አለ። ልጁ «ፓፓ፥ ታታ» እያለ ሳለ ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ይያዝለት። ጉንፋን ሳይኖርበት መስታወቱ በእያንዳንዱ ድምፅ ጉም ከለበሰ ትንፋሽ በአፍንጫው እየወጣ ነው ማለት ነው። ይህ ለሐኪም የሚነገር ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የንግግር ባለሙያ በጕሮሮ የመናገርን ልማድ በልምምድ ያስተወዋል። መጋረጃው ራሱ ያጠረ እንደ ሆነ ግን ልምምድ ብቻ አያረዝመውምና ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚህ ከሁለተኛው ሥራ በኋላ ልጁ ሲተኛ ቢያንኰራፋና ትንፋሹ እየተቋረጠ ቢያስቸግረው ይህም ሳይዘገይ ይነገር።

ስለ ጊዜው በአውሮጳ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. የታተመ ታላቅ ጥናት አለ። በአውሮጳና በደቡብ አሜሪካ በ23 ሐኪም ቤቶች፥ ከላንቃቸው በቀር ሌላ ችግር የሌለባቸው 558 ሕፃናት በዕጣ ተለይተው እኩሌቶቹ በ6 ወር፥ እኩሌቶቹ በ12 ወር ዕድሜያቸው ታከሙ። አምስት ዓመት ሲሆናቸው ሲመረመሩ መጋረጃው በሚገባ የማይዘጋባቸው ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 9 ያህል፥ ከሁለተኞቹ ከመቶ 15 ያህል ሆነው ተገኙ። ይህ ማለት ደካማውን ሕፃን ማጣደፍ ማለት አይደለም፤ ጤናማውን ልጅ ግን «ይደግ» እያሉ ዓመት በዓመት ላይ መጨመር ንግግሩን እንደሚጎዳው ያስረዳል። አድጎ የመጣውም ቢሆን ተስፋ አይቈርጥበትም፤ ድካሙና ልምምዱ ይበዛል እንጂ።

የተዘነጋው ጆሮ

ብዙ ወላጆች አፍን እየተመለከቱ ጆሮን ይረሳሉ። ለስላሳውን ላንቃ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ከጆሮ ወደ ጕሮሮ የሚመጣውንም ቀጭን ቧንቧ የሚከፍት ነው። እርሱ ሲደክም ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ ፈሳሽ ይጠራቀማል። በ1969 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር በአሜሪካ አገር ፓራዳይዝ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ላንቃቸው የተሰነጠቀ 50 ሕፃናትን መርምረው የመካከለኛው ጆሮ ሕመም የሁሉም ሕመም መሆኑን ገለጡ። ላንቃው ከተሰፋ በኋላም ፈሳሹ ለዓመታት ሊመላለስ ይችላል። ሁልጊዜ አያምምም፥ መግልም ላይወጣው ይችላል፤ ልጁ ግን አጥርቶ አይሰማም። ያልሰማውን ቃል ደግሞ ሊናገረው አይችልም። ከበስተኋላው ሲጠራ የማይዞር ልጅ «እንቢተኛ» ተብሎ ከመገሠጹ በፊት ጆሮው ይመርመር።

እንጥልን ስለ ማስቈረጥ

በአገራችን በብዙ ስፍራ ሕፃን ሲያስለው ወይም አልጠባ ሲል እንጥሉን የማስቈረጥ፥ ቶንሲሉንም በጣት የማስቧጠጥ ልማድ አለ። ይህ ለማንኛውም ልጅ አደገኛ ነው፤ ደም ያፈስሳል፥ መርዝ ያስገባል። ላንቃው ለተሰፋለት ልጅ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሐኪሙ በብዙ ድካም አጋጥሞ ያስረዘመውን መጋረጃ አዋቂ ነኝ ባዩ በቅጽበት ያሳጥረዋልና። አያት በቅንነት ተነሥተው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ቢሉ በአክብሮት ነገሩን አስረድቶ እንቢ ማለት የልጅን ነፍስ መጠበቅ ነው። እንዲሁም ስለ ሌላ ሕመም ወደ ሐኪም ሲኬድ ላንቃው የተሰፋ መሆኑ አስቀድሞ ይነገር፤ ከአፍንጫው በስተኋላ ያለውን እጢ ማውጣት ለሌላው ልጅ የሚጠቅም ሲሆን ለዚህ ልጅ ግን ንግግሩን ሊያበላሽበት ይችላል።

መመለስን አለመርሳት

ከዓመታት በኋላ የሚታየው ሌላው ነገር የላይኛው መንጋጋ እድገት ነው። ጠባሳው ስለሚይዘው የፊቱ መካከል ወደ ውስጥ ሊቀር፥ ጥርሶቹም ሊዛነፉ ይችላሉ። የድዱ ዐጥንት ጭምር የተሰነጠቀበት ልጅ ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜው ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ዐጥንት ተወስዶ ሊተከልለት ይችላል። ስለዚህ ምርመራው እስከ ጉርምስና ድረስ የሚዘልቅ ነው።

በአገራችን ይህ ሕክምና እንደ የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ በ1999 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር የተቋቋመው ስማይል ትሬን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም የየአገሩን ሐኪሞች እየደገፈ ለልጆቹ በነፃ እንዲደረግ ይረዳል። ነገር ግን ቀዶ ጥገናው በነፃ ቢሆንም የአውቶቡሱ ዋጋ፥ የማደሪያውና የሥራው ጊዜ በነፃ አይገኝም። ከሩቅ ገጠር የመጣ ቤተሰብ ሁለተኛውን ቀጠሮ የሚተወው ብዙ ጊዜ በስንፍና ሳይሆን በእጦት ነው። በዚህ ላይ ዕድርና ማኅበር፥ ዘመድና ጎረቤት ሊረዱ ይችላሉ። ለመጀመሪያው ጉዞ ገንዘብ ያዋጣ መንደር ለመመለሻውም ቢያዋጣ የጀመረውን በጎ ሥራ ፈጸመ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፥ ከሐኪም ቤት ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገሮችን ጠይቁ። ለስንት ሳምንት ምን ይብላ? ሌሊት ችግር ቢነሣ ወዴት እንሂድ፥ በማንስ ስልክ እንደውል? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው? ጆሮውና ንግግሩ የሚመረመሩት መቼ ነው? መልሱን በወረቀት አስጽፋችሁ ወረቀቱን ከክትባቱ ካርድ ጋር አኑሩ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ ዛሬ በትንሽ ጥንቃቄ የሚታገደው ነገር ነገ በሁለተኛና በሦስተኛ ቀዶ ጥገና ላይታገድ ይችላል። ልጁም ትምህርት ቤት ገብቶ ስሙን ሲጠየቅ መምህሩ ሳይደግመው በአንድ ጊዜ ይጻፍለት።